የሦስተኛው ፓምፕ ሙቀት

ሳኪዩሳ መቀመጥ አይሆንለትም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሰባኪው ገና ጉሮሮውን ሳያጠራ የሱ ጉልበት መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ ዓይኑ ወደ ጣሪያው ማራገቢያ ይወጣል፣ «ይሄ ኩሽኔታው አልቆለታል» ብሎ ለሚስቱ ለቶሪካ ያንሾካሹካል። ቶሪካም ሳትዞር ክንዱን ቆንጠጥ ታደርገዋለች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስትቆነጥጠው ኖራለች፤ ሰውየው ግን ያው ነው። ሰርግ ላይ ይነሳል፣ ለቅሶ ላይ ይነሳል። ያንጎና የሚባለው የሥር መጠጥ ተበጥብጦ ሰዉ የእንጨት ገበቴውን ከብቦ በተቀመጠበት እንኳ ጽዋው ሁለቴ ሳይዞር «መጣሁ» ብሎ ውልቅ ነው። ወዴት ሄደ ብትሉ፣ የሆነ ቦታ የሚያቃስት ሞተር ሰምቷል።

ሳኪ፣ ባጭሩ እንዲህ ነው የምንጠራው፣ የናቫቱ መንደር ልጅ ነው። እናቱ ገና ጡት ሳይጥል ስለሞተችበት የአባቱ እህት ኬሌራ አሳደገችው። ኬሌራ ባል ሳታገባ፣ ልጅ ሳትወልድ፣ ሰሌን እየታታች ሸጣ ዋና ከተማው ሱቫ ድረስ ልካ የቴክኒክ ትምህርት ቤት አስገባችው። ከዚያ ሲወጣ ሞተር የሚጠቀልሉበት ቤት ተቀጠረ። የተቃጠለ ሞተር ሆዱን ከፍቶ፣ ያረረውን የመዳብ ሽቦ መዝዞ አውጥቶ፣ በአዲስ ሽቦ መልሶ መጠቅለል ነበር ሥራው። አምስት ዓመት ጣቱ በመዳብ ሲተለተል ኖረ። እዚያ የተማራትን አንዲት ነገር እስከ ዛሬ ይደጋግማታል፦ ሞተር የተሠራው ሊዞር እንጂ ሊሞቅ አይደለም፤ ከሞቀ የበላውን መብራት በከንቱ እያቃጠለ ነው። «እጃችሁን ሞተር ላይ አድርጋችሁ ካንገበገባችሁ፣ የሚያንገበግባችሁ የጄኔሬተሩ ናፍጣ ነው» ይላል። ሰው ይስቅበታል። እሱ ግን ከልቡ ነው የሚበሳጨው።

ወደቡ ላይ ያለው የዓሣ ፋብሪካ ከገባ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቱናው ከጀልባ ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ ይቆረጣል፣ ይቀዘቅዛል። ለዚህ ሁሉ ሰባ ስምንት ሞተሮች ሌት ተቀን ይዞራሉ፤ የማቀዝቀዣው ኮምፕረሰሮች አሉ፣ ማራገቢያዎቹ አሉ፣ የባሕር ውኃ የሚስቡት ፓምፖች አሉ። ሳኪ አጠገባቸው ሲያልፍ እጁን ጣል ሳያደርግባቸው አያልፍም። ሠራተኛው «የሞተር ሐኪም ዙር ጀመረ» እያለ ይተርበዋል።

ከወደቡ ማዶ፣ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ናቫቱ አለች። ናቫቱ ምሰሶ ከተተከለላት ሦስት ዓመት ሆኗታል፤ ሽቦም ተዘርግቶላታል፤ መብራት ግን የላትም። ሴቶቹ በምሰሶዎቹ መሃል ገመድ አስረው ልብስ ያሰጣሉ። የጤና ኬላዋ ማቀዝቀዣ ተገትሮ አቧራ ይጠጣል። ኬሌራን ደግሞ ስኳር በሽታ ያዛት። ኢንሱሊን በየቀኑ ትወጋለች፣ ኢንሱሊኑም ካልቀዘቀዘ ይበላሻል፣ ስለዚህ ሰባ አንድ ዓመቷን የያዘች ሴትዮ በየሦስት ቀኑ ጀልባ ተሳፍራ ወደብ ትመጣለች፣ በረዶ በሞላ ፔርሙዝ መድኃኒቷን ይዛ ትመለሳለች። ባሕሩ ሲቆጣ ትቀራለች። ስትቀር ትታመማለች። ባለፈው ዓመት ሁለት የእግር ጣቶቿን ቆረጡላት።

«እኛ ጋ ወደቡ ላይ ኑሪ» ቢላት፣ «የወንድሜን መቃብር ጥዬ የት እሄዳለሁ?» አለችው። እንግዲህ ሳኪ የሐኪም ቤቱ አልጋ አጠገብ ቆሞ አፉን ሞልቶ ማለላት። ዓመቱ ሳይዞር መብራት ናቫቱ ይገባል አላት። እሷም እጁን ይዛ፣ «አንተ ቃልህን የምትበላ ልጅ አይደለህም» አለችው። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣ።

የደሴቲቱን መብራት ጣቢያ የሚመራው መሐንዲስ ሊቫይ ይባላል፤ ቀጭን፣ ሕግ አክባሪ፣ ወረቀት የማይለየው ሰው ነው። ሳኪ ሄዶ በሩ ላይ ተገተረ።

«ናቫቱን ለምን አታበራም?»

«በምኔ ላብራ? ሦስት ጄኔሬተር ነው ያለኝ። አንዱን ያንተ ፋብሪካ ለብቻው ይበላዋል። ናቫቱን ከጨመርኩ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ነን።»

«ፋብሪካው ቢቀንስስ?»

ሊቫይ ወረቀቱን አገላበጠ። «አሁን አራት መቶ ሰማንያ ኪሎዋት ትደርሳላችሁ። ከአራት መቶ በታች ሆናችሁ አሥራ አራት ቀን ካለፋችሁ፣ አንድም ሰዓት ሳታልፉት፣ የናቫቱን ማብሪያ እኔ ራሴ እጫናለሁ። ግን እስከሚቀጥለው ወር መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ የተረፈ ኃይል ካለ አሸዋው ላይ ለሚሠራው ሆቴል ይሄዳል። ማመልከቻቸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው።»

ሳኪ በጣቱ ቆጠረ። ሠላሳ ስድስት ቀን ነበር የቀረው።

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሚስተር ፓርመሽ ነው። አያቶቹ ሸንኮራ ሊቆርጡ ከሕንድ የመጡ፣ እሱ ራሱ ከፋብሪካው ወለል ተነስቶ ወንበር የያዘ፣ ቁጡ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ፊቱን አጨማደደ።

«ሞተር አቁሜ ምን ላቀዝቅዝ ነው? ዓሣውን በማራገቢያ ላራግበው?»

«አንድም አይቆምም፣ ሚስተር ፓርመሽ። የሚሠሩት ይሠራሉ። የሚያባክኑትን ነው የምነካው።»

«ሃያ ሁለት ዓመት ሲያባክኑ የት ነበርክ?»

ይቺ ጥያቄ ሳኪን ልቡ ላይ ወጋችው፣ ምክንያቱም መልሱን ያውቀዋል። ሞተር በተቃጠለ ቁጥር የበፊቱን ልክ መተካት ሲገባው፣ ዳግም ተቃጥሎ እንዳይመለስበት አንድ ቁጥር ከፍ ያለ ሲያስገባ የኖረው እሱ ራሱ ነው። ለትንሽ ማራገቢያ የበሬ ጉልበት ያለው ሞተር አስሮ፣ «ይሄ አይቃጠልም» እያለ ደረቱን ሲነፋ ከርሟል። አልተቃጠለም፣ እውነት ነው። ግን ሥራ እያነሰው መብራት ይጠጣል። ሳኪ ይህን ለሚስተር ፓርመሽ ሳይደብቅ ነገረው፤ ሚስተር ፓርመሽም «በል እንግዲህ ሥራ» አለ።

ወይ መሯሯጥ! ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ሰውየውን በቆመበት ያየው የለም። የላላ ቺንጋ ያጠብቃል፣ ያለቀ ኩሽኔታ ይቀይራል፣ የደረቀውን ግራሶ ይቀባል፣ ሳሙና በውኃ በጥብጦ የአየር ቱቦውን እያረሰ አረፋ የሚያወጣበትን ሁሉ ይደፍናል። ትልልቆቹን ሞተሮች እየነቀለ ከባድ ሥራ ወዳለበት፣ ትንንሾቹን ወደ ትንሹ ሥራ አዛወረ። ምሳውን ቆሞ ይበላል፤ ቤት ሲገባ ቶሪካ እራት እስክታቀርብ በግቢው ውስጥ ይንጎራደዳል። ቆጣሪው ግን ወርዶ ወርዶ አራት መቶ ሠላሳ ላይ ሲደርስ አልወርድም ብሎ ቆመ።

የቀረው ሦስተኛው ፓምፕ ነበር። ይህ ፓምፕ የባሕር ውኃ ወደ ማጠቢያው ገንዳ ይስባል። ገንዳው ያን ያህል ውኃ አይፈልግም፣ ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ እየሮጠ ቫልቩ ግማሹ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ፈረስን በጅራፍ እየገረፉ ልጓሙን እንደ መሳብ ነው። ሳኪ ሚስተር ፓርመሽን ለምኖ ከሱቫ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ሳጥን አስመጣ፤ ፊቱ ላይ እጀታ አለው፣ እጀታውን ወደ ታች ሲያዞሩት ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል። በሃያ ሁለተኛው ቀን ሳጥኑን ገጠመ፣ ቫልቩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ሞተሩን አዘገየ። ውኃው ልክ በልክ መጣ። ቆጣሪው ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ላይ ተቀመጠ፤ የቀረውም ልክ አሥራ አራት ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ ሞተሩን በመዳፉ ቢነካው ቀዝቅዟል፣ እና ሳኪ ብቻውን እንደ ሕፃን ሳቀ።

አሁን እዚህ ላይ ነው ጥፋቱ። የሦስተኛው ፓምፕ ሞተር ላይ የቆርቆሮ ትሪ አለ። ፋብሪካው ውስጥ አሞኒያ በሚባለው የማቀዝቀዣው ጋዝ ምክንያት እሳት ክልክል ነው፤ አርባዎቹ ዓሣ ቆራጭ ሴቶች ታዲያ ከቤት በቅጠል ጠቅልለው ያመጡትን ጎደሬና ዓሣ ጠዋት እዚያ ትሪ ላይ ይደረድሩታል፣ በምሳ ሰዓት ትኩስ ሆኖ ይጠብቃቸዋል። ትሪውን የበየደላቸው ማን መሰላችሁ? ሳኪ ራሱ ነው። የሴቶቹ አለቃ ኡናይሲ አዝዛው፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት።

ኡናይሲ አዝዛው ደግሞ እምቢ ማለት አይቻልም። የሱ መንደርና የሷ መንደር ናይታ ናቸው፤ ናይታ የሆነ ሰው ናይታውን በአደባባይ ይሰድበዋል፣ ያለውን ዕቃ ሳይጠይቅ ይወስድበታል፣ ያኛው ግን ሊቆጣ አይችልም። መቆጣት ነውር ነው። ኡናይሲ ብስክሌቱን ወስዳ ሁለት ወር ነድታዋለች። እሱም የገና አሳማዋን እግር ቆርጦ ሄዷል። ሲገናኙ «አንተ ሽቦ ራስ»፣ «አንቺ የዓሣ ጉንጭ» ሳይባባሉ አያልፉም። ባሏ የሞተባት፣ አራት የልጅ ልጆች የምታሳድግ፣ ሳቋ ከወደቡ ጫፍ የሚሰማ ሴት ናት።

እንግዲህ ሳኪ ስለ ፈተናው ለሚስተር ፓርመሽ ነገረ፣ ለጥበቃዎቹ ነገረ፣ ለናቫቱ ሽማግሌዎች ሄዶ ነገረ። ለነዚህ አርባ ሴቶች ግን ሞተሩ ለምን እንደቀዘቀዘ አልነገራቸውም። ትዝም አላለው። ሰውየው ስለ ሞተር ሲያስብ ሞተሩን የሚጠቀሙት ሰዎች ከራሱ ይጠፋሉ፤ አመሉ ነው፣ እኛም ብዙ ጊዜ ተቆጥተነዋል።

አሥር ቀን በሰላም አለፈ። ሳኪ በቀን ስምንት ጊዜ ቆጣሪውን ያያል፣ ከዚያ ጥፍሩን ይበላል። በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ሊቫይ ስልክ ደወለለት።

«ሳኪ፣ አራት መቶ ሃያ ሦስት ገብታችኋል። ምን ሆናችሁ?»

ሳኪ ስልኩን ሳይዘጋ ሮጠ። ኮምፕረሰሮቹን ነካ፤ ደህና ናቸው። ማራገቢያዎቹን ነካ፤ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ፓምፕ ጋ ሲደርስ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ወዲያው አነሳ። እሳት ነው። እጀታው እስከ ላይ ዞሯል፣ ቫልቩ ግማሹ ተዘግቷል፣ ትሪው ላይ አርባ ጥቅልል ተደርድሯል፣ ኡናይሲም ወገቧን ይዛ አጠገቡ ቆማለች።

«ናይታ፣ ይሄን ማን ነካው?»

«እኔ ነኛ። ማን ይነካዋል ሌላ?» አለች። «አሥር ቀን ሙሉ ድንጋይ የመሰለ ጎደሬ አስበላኸን። ዛሬ ሞተሩን ገድሎት ነው እንጂ ብዬ እጀታህን ወደ ላይ ባዞረው፣ ውኃው ከገንዳው ሞልቶ ጫማችን ውስጥ ገባ። ቫልቩን እንደ ድሮው ዘጋ ሳደርገው ሁሉም ልክ መጣ። እየው፣ ዓሣው እየጨሰ ነው። ሞተር የምታውቀው አንተ ብቻ መሰለህ፣ ሽቦ ራስ?»

ሳኪ እጀታውን ወደ ታች መለሰ፣ ቫልቩን ከፈተ፣ ከዚያ እርጥቡ ወለል ላይ ዘፍ አለ። ሊቆጣ አይችልም፤ ናይታው ናት። ደግሞም በምን ይቆጣታል? ለሃያ ዓመት ያየችውን ነው ያደረገችው። ስለ ሊቫይ፣ ስለ አሥራ አራቱ ቀን፣ ስለ ኬሌራ እግር አንድ በአንድ ነገራት። ኡናይሲ መጀመሪያ የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። እየቆየ ፊቷ ተለወጠ።

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ቀስ ብላ። «ብትነግረኝ እኮ ዓመት ሙሉ ቀዝቃዛ እንበላ ነበር።»

ሳኪ ተነሳና ትሪውን ነቅሎ ወደ ኮምፕረሰሮቹ ክፍል ወሰደው። ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ቱቦ ሁልጊዜ የጋለ ነው፤ ያን ሙቀት በውኃ እያቀዘቀዙ ባሕር ውስጥ ነው የሚጥሉት። ትሪውን እዚያ ቱቦ ላይ በሁለት ብሎን አሰረው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት ቢያስበው ኖሮ! ራሱን በጥፊ መምታት አማረው።

ከዚያ ሊቫይ ቢሮ ሄደ። ሊቫይም አዝኗል፣ ግን ወረቀቱን አወጣ።

«መመሪያው እንዲህ ይላል። ልኩን ያሳለፈው ማሽኑ ከሆነ ፈተናው ወደቀ። የሰው እጅ ከሆነና የሰውየው ስም፣ ፊርማው፣ ፋብሪካውም የቀጣው ቅጣት ተጽፎ ከመጣልኝ፣ ያቺን ሰዓት እንደሌለች እቆጥራታለሁ። ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ጠብቄሃለሁ። ስም ብቻ አምጣልኝ፣ ሳኪ።»

ስም ብቻ። ሳኪ ከዚያ ወጥቶ ወደቡ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመላለስ ጀመር። ስሙን እኮ ያውቀዋል። ግን አምና አሞኒያው ከፈሰሰ ወዲህ የፋብሪካው ሕግ አንድ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማሽን የነካ በዚያው ቀን ይባረራል። ሁለት ሰው ተባሯል፣ ሚስተር ፓርመሽም ለማንም አላላላም። የኡናይሲን ስም ቢጽፍ አራት ሕፃናት ምን ይበላሉ? ባይጽፍ ደግሞ መብራቱ ለሆቴሉ ነው፣ አክስቱም ወደ ጀልባዋ። አሁን ሁለት ጣት ነው የሄደው፤ ቀጥሎ እግሯ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ «ሳኪ፣ ምን ጠፋህ?» ቢሉት አይሰማም። ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ላቡን ይጠርጋል፣ ደግሞ ይሄዳል። ጀንበር ስታዘቀዝቅ እግሩ ቀጥ ብሎ ወደ ፋብሪካው ወሰደው።

ሚስተር ፓርመሽ ሳኪ ጽፎ ያመጣውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበው።

«አንተ ነህ የነካኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ? በፈተናው መሃል? ቆጣሪውን ስታይ ስታይ ዓይንህ ሊጠፋ የደረሰው አንተ?»

«ፊርማዬ ነው፣ ሚስተር ፓርመሽ።»

ሚስተር ፓርመሽ መነጽሩን አወለቀ። ሞኝ አይደለም፤ ትሪው ከሦስተኛው ፓምፕ መነሳቱን አይቷል፣ ማን ምሳ እንደሚያሞቅበትም ያውቃል። «ሌላ ስም ካለህ አሁን ንገረኝ» አለ። «አንተ ፈቃድ ያለህ ሰው ነህ። እያወቅህ አበላሸህ ከተባለ ካንዲት ሴት ይልቅ ባንተ ይብሳል። ሃያ ሁለት ዓመትህን ነው የምቀድደው።»

«ሌላ ስም የለኝም። ትሪውን የበየድኩት እኔ ነኝ፣ ያልተናገርኩትም እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ዓይኑን ሳያነሳ «ተሰናብቷል» ብሎ ጻፈ፣ ማኅተሙንም መታበት። ወረቀቱም በማግስቱ በሰዓቱ ሊቫይ ጋ ደረሰ።

ወሬው ሲሰማ ኡናይሲ እንደ አውሎ ነፋስ ሳኪ ግቢ ደረሰች። ሳኪ ካቻቢቴውንና መፍቻዎቹን ሣጥን ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ሌባ!» አለችው። «የኔን ጥፋት ማን ውሰድ አለህ?»

«ናይታሽ አይደለሁም? ናይታ መቼ ጠይቆ ያውቃል? ብስክሌቴን ስትወስጂ ጠይቀሽኛል?»

«በዚህ አትቀልድብኝ። አሁን ሄጄ ለሊቫይ ነው የምነግረው።»

«ንገሪውና ወረቀቱን ይቅደደው። የውሸት ፊርማ ነው ብሎ ናቫቱን ያጨልማት። የኬሌራንም እግር አንቺ ትቆርጪዋለሽ።» የሣጥኑን ክዳን ዘጋው። «ዝም በይ፣ ኡናይሲ። አንድ ጊዜ እንኳ ያን አፍሽን ዝጊልኝ።»

ኡናይሲ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ መሃል ላይ ሳቅ ያመልጣታል፣ ደግሞ ታለቅሳለች። ቶሪካም ከማድ ቤት ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። የሚኖሩበት ቤት የፋብሪካው ስለሆነ እነ ሳኪም በሳምንቱ ለቀው ወደ ናቫቱ ገቡ።

አሥራ አራቱ ቀን ሞላ፣ ቆጣሪውም ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አላለፈም። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የናቫቱ ሰው ሁሉ ጤና ኬላው ፊት ሰሌን አንጥፎ ተቀመጠ። ሊቫይና ሚስተር ፓርመሽ የክብር እንግዶች ናቸው። የፋብሪካው ሴቶችም በሁለት ጀልባ መጥተዋል፣ ኡናይሲ ከፊት ናት። ሊቫይ ማብሪያውን ሲጫን የጤና ኬላው አምፖል በራ፤ ፀሐይ ስለነበር ብዙም አይታይም። ማቀዝቀዣው ግን ግር ብሎ ተነሳ፣ ያን ድምፅ ሁሉም ሰማው። ሰዉ እንደ አገሩ ልማድ መዳፉን ጎድጎድ አድርጎ አጨበጨበ። ሳኪ ከኋላ ቆሞ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ጆሮውን ግን ወደ ማቀዝቀዣው ቀስሮ ነበር።

የመንደሩ አለቃ ቃል አቀባይ ተነስቶ ሊቫይን አመሰገነ፣ ሚስተር ፓርመሽን አመሰገነ። ከዚያ ፊቱን አጠቆረ። «ይህ መብራት በአሥራ አንደኛው ቀን ሊቀርብን ነበር» አለ። «በሌላ ሰው ቢሆን አያሳዝንም። በገዛ ልጃችን እጅ ነው።» ጭንቅላቱ ሁሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሚስተር ፓርመሽ ጫማውን ያይ ጀመር።

ኬሌራ ከፊት፣ የታመመ እግሯን ዘርግታ ነበር የተቀመጠችው። ዱላዋን ተመርኩዛ ተነሳች፣ እያነከሰች በሰዉ መሃል አልፋ ፊቱ ቆመች።

«እውነት ነው የሚሉት?»

«እውነት ነው፣ አክስቴ።»

«እኔ ሁለት ጣት ተቆርጦልኝ፣ አንተ እጄን ይዘህ ምለህልኝ? ለምን ነካኸው?»

ኡናይሲ ከሰሌኑ ልትነሳ ስትል አያት። «ቁጭ በይ አንቺ የዓሣ ጉንጭ፣ ድግሱ ገና አልቀረበም» ብሎ ጮኸባት። ናይታዎች ናቸውና ሰዉ ሳቀ። ኡናይሲ የቀሚሷን ጫፍ አፏ ውስጥ ከታ ተቀመጠች። ሊቫይ ሦስት እርምጃ ላይ ነው፣ ወረቀቱ ጉልበቱ ላይ አለ። እውነቱ የሳኪ ምላስ ጫፍ ላይ ነበር፤ እንዴት እንደቃጠለው እሱ ነው የሚያውቀው።

«እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው» አላት።

ሁሉም አመነው። የመረረውም ይሄ ነው፣ አንድ ሰው እንኳ አልተጠራጠረም። ከልጅነቱ ያውቁታላ! ኬሌራ ትንሽ አየችው፣ ከዚያ ጀርባዋን ሰጥታው ወደ ቦታዋ ተመለሰች።

አሁን ሳኪ ናቫቱ ውስጥ የጀልባ ሞተር ይጠግናል። ኬሌራ በየማለዳው ለመርፌዋ ከቤቷ ወደ ጤና ኬላው ስትሄድ በደጁ ታልፋለች፤ መቶ እርምጃ አይሞላም። «ደህና አደርሽ፣ አክስቴ» ይላታል። አትመልስለትም። ስለሱ ስታወራም «ያ ሰውዬ» ነው የምትለው። ቶሪካ አንድ ጠዋት አላስችል ብሏት፣ «እኔ ልንገራት፤ ለማንም አትናገርም» አለችው።

«አክስቴን አታውቂያትም እንዴ? አንድ ቀን አያድርባትም፤ በማግስቱ ሊቫይ ጆሮ ይገባል።»

«እስከ መቼ ነው እንግዲህ እንዲህ የምትሆነው?»

ሳኪ በሩ ላይ ቆሞ አክስቱ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዙራ በፊቱ ስታልፍ ያያት ነበር። እስክትርቅ ጠበቀ።

«ማነከሷን እኮ ትታለች» አለ።